የከተማ ባለሥልጣንን የጥቅም ግጭት በኤአይ ሲፈትሹ፦ ችግርና መፍትሄ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሰነድ አይጠፋም። የምክር ቤት አባላት በየዓመቱ የሚሞሉት የገቢና የሀብት መግለጫ ቤጋ በሚባለው የሥነ ምግባርና ተጠያቂነት ቦርድ በኩል ይገኛል። ለምርጫ ዘመቻ ማን ስንት እንደሰጠ የሚያሳይ መዝገብም አለ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የከተማው ውል ደግሞ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ወረቀቱ ግን አያልቅም። ስለዚህ ሰው ለቻትጂፒቲና ለመሰሎቹ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች ይሰጥና “የባለሥልጣኑ የግል ጥቅም ከሥራው ጋር የሚጋጭበትን እስቲ አንተ ፈልግ” ይላል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

“ስለ ሰውየው ጠየቅኩት፣ ታስሯል አለኝ”

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰነድ አልሰጡትም፣ እሱም ከትዝታው ቀጣጥሎ መለሰ። አውስትራሊያ ውስጥ የሄፕበርን ከንቲባ የነበሩት ብራያን ሁድ ይህ ደርሶባቸዋል። በ2023 ቻትጂፒቲ በጉቦ ቅሌት የታሰሩ ሰው አድርጎ ስለሳቸው ሲያወራ ተገኘ። እውነቱ ተቃራኒው ነበር፤ የገንዘብ ኖት አታሚውን ድርጅት ጉቦ ያጋለጡት እሳቸው ናቸው። ስማቸውና ቅሌቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚጻፉ ማሽኑ አጋላጩን ወንጀለኛ አደረገው።

መፍትሄው ፋይሉን ሰጥቶ መጠየቅ ነው። “ከዚህ ፋይል ውጭ አትመልስ። ለእያንዳንዱ ነገር የገጹን ቁጥርና ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አስቀምጥ። ከሌለ የለም በል።” ከዚያ ጥቅሱን ራስዎ ፒዲኤፉ ውስጥ ይፈልጉት። ካላገኙት ግኝቱን ይጣሉት።

“አንዱን ሰው ሁለት፣ ሁለቱን አንድ አደረገው”

የሐበሻ ስም ያለበት መዝገብ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ማሽኑ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ አባትና ልጅ ባዕድ ይሆናሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሁለት ተስፋዬዎች ደግሞ ወንድማማች። ሚስት የባሏን ስም ስለማትይዝ የትዳር ጓደኛ ኩባንያም ሳይታይ ያልፋል፤ የጥቅም ግጭት ደግሞ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አንዱ ኃይሉ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ የስሙን አጻጻፎች በሙሉ እንዲዘረዝር ያድርጉ፣ በሁሉም ይፈልጉ። ስም ብቻ ስለገጠመ ግን አይመኑ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቁ፦ የኩባንያው ምዝገባ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የተመዘገበበት ቀን። አድራሻም ያሳስታል፤ በአንድ የምዝገባ ወኪል አድራሻ ብዙ ኩባንያ ሊመዘገብ ይችላል። ዲሲ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ኩባንያዎች ከ10 በመቶ በላይ ድርሻ ያላቸውን ባለቤቶች እንዲያሳውቁ ስለሚጠየቁ፣ እኔ ከአድራሻው ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ።

“ሁሉም ንጹህ ነው ይለኛል”

አንድ ቅጽ ሰጥተው “የጥቅም ግጭት አለ?” ካሉት ሌላ ምን ይበል? የጥቅም ግጭት በአንድ ወረቀት ላይ እምብዛም አይታይም። የሚገኘው በሁለት ወረቀቶች መካከል ነው።

የጃክ ኢቫንስን ጉዳይ ያስታውሱ። በዲሲ ምክር ቤት ዎርድ 2 የሚባለው የምርጫ ክልል ተወካይ ነበሩ፣ የምክር ቤቱን የፋይናንስ ኮሚቴም የሜትሮን (የከተማ ባቡርና አውቶቡስ ድርጅት) ቦርድም መርተዋል። የምክር ቤት አባል የውጭ ሥራ መያዙ በራሱ ክልክል አልነበረም፣ እሳቸውም የማማከር ድርጅት ነበራቸው። በ2019 ከምክር ቤት ኢሜይላቸው ለሕግ ድርጅቶች የሥራ ሐሳብ መላካቸውና በሥልጣን ያገኙትን ትውውቅ እንደ ችሎታ ማቅረባቸው በጋዜጣ ወጣ። ምክር ቤቱ የቀጠረው የሕግ ድርጅት ሲመረምር የሥነ ምግባር ደንብ 11 ጊዜ መጣሳቸውን አገኘ። ሊባረሩ ሲሉ ጥር 2020 ላይ ለቀቁ። የሚከፍሏቸው ሰዎች ስምና በምክር ቤት የሠሩት ሥራ ለየብቻ ሲታዩ ምንም አይሉም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የሚናገሩት።

ኤአይ ይህን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችልበታል። ፍርድ አይጠይቁት፣ ሠንጠረዥ ያሠሩት፦ ቀን፣ ማን ከፈለ ወይም ለገሰ፣ ባለሥልጣኑ በዚያ ሰሞን በምን ላይ ድምፅ ሰጠ ወይም ደብዳቤ ጻፈ፣ የሰነዱ ገጽ። ከቃለ ጉባኤው ደግሞ ራሱን ከውሳኔው ያገለለበትን ሁሉ ያውጣ። ይህን መተው ሰውየውን መበደል ነው። መጨረሻ ላይ “የትኛው ሰነድ ይጎድላል?” ይበሉት። የማማከር ድርጅቱ ደንበኞች ስም ከጎደለ የመረጃ ጥያቄ ደብዳቤ ያርቅቅልዎ። የዲሲ ሕግ ለመልስ 15 የሥራ ቀን ይሰጣል።

“ቁጥሩ ዜሮ ጨመረ”

ስካን የተደረገ ሠንጠረዥ ላይ ዓምዶች ይዛነፋሉ። ድምሩን ከዋናው ጋር ያስተያዩ፣ ትልልቆቹን ቁጥሮች በዓይንዎ ይዩ። ሌላ ዘዴ የለውም።

“ሰነዱን ሰው በምስጢር ነው የሰጠኝ”

እንግዲያው ነፃ ቻትቦት ላይ አይጫኑት። የሰጪው ስም ፋይሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ፋይሉ የት እንደሚቀመጥም እርስዎ አይወስኑም። ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ብቻ ያስገቡ፣ የምስጢሩን በእጅ ያመሳክሩ።

ግኝት ከያዙ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልስ የሚጠብቁበትንም ቀን ይጥቀሱ። አቤቱታ ለቤጋ ሲያስገቡ የኤአዩን ማጠቃለያ ይተዉት፤ ገጾቹን ያያይዙ።