የኪራይ ጭማሪ ሲመጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) እና የሀውዚንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ ቤት አከራይ ድርጅት) ኪራይ ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ለኪራይ የሚረዳ የመንግሥት ድጋፍ፣ ማለትም ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ሀውዚንግ ቤነፊት፣ የሚያገኝ ሰው ጭማሪውን በጊዜው ካላሳወቀ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ያንገበግባል፤ የሚገባው ገንዘብ በቀን ማለፍ ብቻ ይቀርበታል።

"ካውንስሉ ራሱ ያውቀዋል" ብሎ መተው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤቱም የካውንስሉ፣ ሀውዚንግ ቤነፊቱን የሚከፍለውም ያው ካውንስል ከሆነ፣ ጭማሪው እጁ ላይ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የኪራዩ ገንዘብ በቀጥታ ለአከራዩ የሚገባ ቢሆንም እንኳ ማሳወቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ቀኑን ማሳለፍ

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚታሰበው በወር በወር ነው፤ ወሩ የሚጀምርበት ቀን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። የእርስዎ ወር ከ12ኛው ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 11ኛ ቀን ነው እንበል። ኪራይዎ ኤፕሪል 6 ቀን በሳምንት ከ120 ወደ 128 ፓውንድ ከፍ አለ። እስከ ኤፕሪል 11 ካሳወቁ አዲሱ ኪራይ ከማርች 12 ጀምሮ ይታሰብልዎታል። ኤፕሪል 13 ካሳወቁ ግን የሚታሰበው ከኤፕሪል 12 ነው። 8 ፓውንድ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 34 ፓውንድ ከ67 ሳንቲም ይሆናል። በሁለት ቀን መዘግየት የቀረው ይሄ ነው። ሁለት ወር ቢዘገዩ ደግሞ ኪራዩ ውዝፍ ይሆንና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መምጣት ይጀምራል።

ደብዳቤው እንደደረሰ መቸኮል

ፌብሩዋሪ ላይ የጭማሪው ደብዳቤ ስለመጣ አዲሱን ኪራይ ያኔውኑ አይሙሉ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ የሚሞላው ጭማሪው በሚጀምርበት ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ስልክዎ ላይም ቀኑን የሚያስታውስ ማንቂያ ይሙሉ። ኤፕሪል ሲገባ ጆርናልዎን (የዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት አካውንትዎ ላይ ያለውን የመልእክት ገጽ) ከፍተው ይዩ።

ሁሉንም ደምሮ መጻፍ

ደብዳቤው ላይ ኪራዩና ሰርቪስ ቻርጁ (እንደ ጋራ ቦታ ጽዳት ላሉ አገልግሎቶች የሚከፈለው) ለየብቻ ተጽፈዋል። እንዳሉ ለየብቻ ይሙሏቸው። የራስዎ ቤት ማሞቂያና ውሃ አይሸፈንም። የሳምንቱን ኪራይም የወር አድርገው እንዳይሞሉ።

የወላጆችን ደብዳቤ አለመክፈት

ጡረታ የወጡ እናትና አባቶች በአብዛኛው አሁንም ሀውዚንግ ቤነፊት ላይ ናቸው። እዚያ ጭማሪውን ለማሳወቅ ያለው ጊዜ አንድ ወር ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ ደብዳቤው ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ወሩ ያልፋል። ልጆች፣ እባካችሁ፣ ማርች ላይ ሄዳችሁ ፖስታውን ክፈቱላቸው።

ከግል አከራይ ጋር በቃል መስማማት

ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በእንግሊዝ የግል አከራይ ኪራይ መጨመር የሚችለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በሕጉ ቅጽ፣ ከሁለት ወር ቀደም ብሎ አሳውቆ። በደጅ ላይ "ከሚቀጥለው ወር ይጨምራል" ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ ወረቀቱን ይጠይቁ። ለግል ቤት የሚከፈለው ድጋፍ በየአካባቢው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላይ ደርሰው ከሆነ ጭማሪው ላይሸፈን ይችላል፤ ቢሆንም ያሳውቁ።

ዘግይቻለሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ

ዛሬውኑ ያሳውቁ። የዘገዩበት በቂ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ሕመም፣ ሆስፒታል ወይም ለቅሶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታሰብልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማስረጃም ያያይዙ። "ሕጉን አላውቅም ነበር" የሚለው ሀውዚንግ ቤነፊት ላይ አይሠራም። እምቢ ካሉዎት ውሳኔው በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር ድርጅት በነጻ ያግዛል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ሲደውሉም አስተርጓሚ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ።