የፖለቲካ ጌም ገጸ ባህሪ ስትፈጥሩ፣ ከፓርቲው የሚለይበትን ጉዳይ አስቀድሙ

ኦንላይን የፖለቲካ ጌም ላይ ፖለቲከኛ የምትፈጥሩ ሁሉ፣ ስምና ፓርቲ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ይህ ሰው ፓርቲውን የሚቃወመው በየትኛው ጉዳይ ነው?

ሁሌም ከፓርቲው ጋር እጁን የሚያወጣ ገጸ ባህሪ ቶሎ ይሰለቻል። አብረውት የሚጫወቱትም የሚደራደሩበት ነገር ያጣሉ። ተቃውሞው ደግሞ ከሕይወቱ ይምጣ። ገጸ ባህሪያችሁ ግብር ይቀነስ የሚል ፓርቲ አባል ናት እንበል፤ ፖለቲካ ውስጥ ሳትገባ ግን ለዓመታት ነርስ ነበረች። የሆስፒታል በጀት የሚቆርጥ ረቂቅ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? የፓርቲው ተጠሪ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ «ድምፅሽ ያስፈልገናል» ሲላትስ? ጨዋታው የሚደምቀው እዚህ ጋ ነው።

በእውነተኛው ፖለቲካም ያለፈ ሕይወት ይከተላል። ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ቴክሳስ ውስጥ የድሃ ሜክሲኮ-አሜሪካውያን ልጆች አስተማሪ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1965 ስለ ድምፅ መስጠት መብት ለኮንግረስ ሲናገር እነዚያን ተማሪዎች አንስቷል።

ዕድሜም አይዘንጋ። ጌሙ የአሜሪካን ሥርዓት የሚከተል ከሆነ ለሴኔት 30፣ ለፕሬዚዳንትነት 35 ዓመት መሙላት ግድ ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ የአንድ እውነተኛ ፖለቲከኛ ግልባጭ አትሥሩ። ሁሉም ከዋናው ጋር እያነጻጸረ መፈናፈኛ ያሳጣችኋል። ለገጸ ባህሪው የመረጣችሁትን ስምም ከመጠቀማችሁ በፊት ጎግል አድርጉት፤ የሆነ ምስኪን ሰው ስም ሆኖ እንዳይገኝ።