የታይሮይድ ዕጢን ጤና በቤት ውስጥ እንዴት እንከታተል፦ ለጎጃም ቤተሰቦች

በጎጃም ደጋማ ቀበሌዎች እንቅርት ያለባትን እናት ማየት እንግዳ ነገር ባለመሆኑ፣ ብዙዎች ሕመም መሆኑን ዘንግተው እንደ ተፈጥሮ መልክ ይቆጥሩታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንቅርት የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ማጣቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከጮቄና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ከነአዮዲኑ ለዘመናት ወደ ዓባይ ሲያጥበው ስለኖረ፣ በዚያ መሬት የሚበቅለው እህል በቂ አዮዲን የለውም፤ ስለዚህ ጎተራው የሞላ ቤትም ከእጥረቱ አያመልጥም።

ዕጢው ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ ቢራቢሮ መሰል አካል ነው። ከደም በሚወስደው አዮዲን ቲ4 እና ቲ3 የተባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል፤ እነርሱም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናሉ። ሆርሞኑ ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ይልካል፤ ታይሮይድም በዚህ ግፊት እያበጠ ይሄዳል።

አንገትን ለመመርመር በብርሃን መስታወት ፊት ቆመው፣ ራስዎን ጥቂት ወደ ኋላ ቀና አድርገው ውኃ ይጎንጩ፤ የታይሮይድ እብጠት በሚውጡበት ጊዜ አብሮ ሽቅብ ይንቀሳቀሳል። በጣት ሲዳሰስ የዕጢው አንድ ጎን ከተመርማሪው ከራሱ የአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ከበለጠ አድጓል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንገት ሳያብጥም ዕጢው ሊታመም ይችላል። ሥራው ሲቀንስ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የክብደት መጨመርና ብርድ አለመቻል ይመጣል። ሁሉም ጋቢ በሚደርብበት አገር ይህ የመጨረሻው ምልክት በቀላሉ ይታለፋልና፣ ሌሎች ጋቢያቸውን ባወረዱበት ቀትር አንዲት እናት ብቻዋን ተከናንባ የምትቀመጥ ከሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ በደንብ እየበሉ መክሳት፣ አንዳንዴም የዓይን መፍጠጥ ይታያል። ሁለቱንም የሚለየው የደም ምርመራ ነው። አንገትን መብጣትም ሆነ መነቀስ እንቅርትን አያድንም፤ ብጣቱ እንዲያውም ለደም መፍሰስና ለቁስል ይዳርጋል።

መከላከያው በጨው ዕቃው ውስጥ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. የወጣ ደንብ ያዛል፤ ሆኖም በጆንያ ተከፍቶ ፀሐይና እርጥበት ሲመታው የከረመ ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ የታሸገውን ይግዙ፣ አይጠቡት፣ ከምድጃ ራቅ አድርገው በክዳን ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨምሩት። ለበርበሬ ታምሶ ከወራት በፊት የተቀላቀለው ጨው ብቻውን አይበቃም። ይህ ማለት ጨው ማብዛት አይደለም። የቁስል አዮዲን መጠጣትም አደገኛ ነው፤ የቆየ ጓል ያለበት እንቅርት አዮዲን በድንገት ሲበዛበት ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመነጭ ይችላል።

ለዕጢው ድክመት ሌቮታይሮክሲን የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጥ፤ ምግብና ቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ ይከተሉ። ጿሚ ከሆነ ከእራት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ከመኝታ በፊት መውሰድ ስለሚቻል ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር እንጂ፣ ለጾም ወይም ለጠበል ብሎ አያቋርጠው። መጠኑ የሚስተካከለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ በሚደረግ የቲኤስኤች ምርመራ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ጊዜ ሳትወስድ ለሐኪም ትንገር፤ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና።

በፍጥነት የሚያድግ ወይም የደደረ እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ፣ ጤና ጣቢያው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ሆስፒታሎች እንዲልክዎ ይጠይቁ። የዕጢውን ሥራ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን አመናምኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር።