ሰርቨር ከመንካታችሁ በፊት

በባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች የኔትወርክ ሥራ የያዙት ወጣቶች ጎበዞች ናቸው። የሚያንገበግበኝ፣ ሰርቨር (ዋናው ኮምፒውተር) ወይም ኔትወርክ ከመነካቱ በፊት የሚቀርበውን የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ሲሞሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰዓት ሲጽፉ።

«ቅዳሜ በ2 ሰዓት ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሣል» ምን ማለት ነው? የኮምፒውተሩ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት ሲሆን ኮምፒውተሩ 08:00 ይለዋል። በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ጠያቂው የመጀመሪያውን አስቦ ጻፈ፤ ሠራተኛው ሁለተኛውን አነበበ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ እንግዶች ሒሳብ ለመክፈል እንደተሰለፉ ሲስተሙ ተዘጋ። ጀልባ ነጂው ከታች ይጣራል፤ ካሸሯ ደረሰኝ በእጇ ትጽፋለች። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነማ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የእሱ 02:00 እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ቀኑስ? 5/1 በእኛ መስከረም 5፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5፣ በአሜሪካኖች አጻጻፍ ደግሞ ሜይ 1 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» በሉ። ለአንድ ቃል የሚያልቅ ቀለም የለም።

የሩቅ ራውተር (ቅርንጫፉን ከኔትወርኩ የሚያገናኘውን መሣሪያ) ስትነኩ ተጠንቀቁ። ከዚህ ሆናችሁ የጎንደሩን ቅርንጫፍ ስታስተካክሉ አንዲት የተሳሳተች የትእዛዝ መስመር በሩን በራሳችሁ ላይ ትዘጋዋለች፤ መንገዱ ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ሲስኮ በተባለው ኩባንያ መሣሪያ ላይ አስቀድማችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ጠፍቶ እንዲነሣ እዘዙት። ከተቆለፈባችሁ፣ ያልተቀመጠው ለውጥ አብሮ ይጠፋና ትገባላችሁ። ከተሳካ ትእዛዙን ሰርዙ፤ ለውጡንም አስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን የሚረሳው ብዙ ነው። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ የድሮውን ይዞ ይነሣል፤ ቢሮው ሁሉ መብራቱን ይረግማል።

ሁለት ለውጥ በአንድ ሌሊት አትደርቡ፤ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም።

«ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን» የመመለሻ ዕቅድ አይደለም። ማን ይመልሰዋል? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በስንት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጠን ወደ ድሮው እንመለሳለን? መልሳችሁ ያልሞከራችሁት ባክአፕ ተራ ፋይል ነው።

የጥምቀት ሰሞን ምንም አትንኩ። ይህንንም ማስረዳት አለብኝ?

በቅጹ ላይ «አስቸኳይ» የምትለው ሣጥን ደግሞ የሥራ አስኪያጅ ቁጣ ማብረጃ ሆናለች። አስቸኳይ ማለት የቆመ አገልግሎት ወይም የተከፈተ የደኅንነት ቀዳዳ ነው እንጂ ለአለቃ ቢሮ የመጣ አዲስ ፕሪንተር አይደለም። እውነተኛ አስቸኳይ ሲሆንም ቅጹ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ በማግሥቱ ተሞልቶ ይፈረማል።