የማንዶሊን ብቻ አልበም በወሎ ጆሮ

ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። አንድ የባህል ሙዚቀኛ ማንዶሊኑን ብቻ ይዞ የቀዳው አልበም ለጀማሪ ጆሮ ሊሳሳበት ይችላል። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት እየሰማ ያደገ ሰው ግን መለኪያው በጆሮው ውስጥ ነው።

በስልኩ ስፒከር አይስሙት፤ የወፍራሙ የጂ ክር ድምፅ (196 ኸርዝ) ይሳሳል። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉና ከአልበሙ ዝግ ያለውን ዜማ ይምረጡ። መጀመሪያ ማረፊያውን ብቻ ይፈልጉ፦ ዜማው ደጋግሞ የሚመለስበትንና የሚያልቅበትን ድምፅ። ያንን እያንጎራጎሩ ድጋሚ ይስሙት። ከፈጠነብዎ ዩቲዩብ ላይ ወደ 0.75 ያውርዱት፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ የድምፁ ከፍታ አይወርድም።

ማንዶሊን ካለዎት በእጅዎ ያረጋግጡ። 8 ክሮቹ 4 ጥንድ ናቸው፦ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። አንዱ ጥንድ ከቀጣዩ በ7 ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባሉት የብረት መለያዎች) ስለሚርቅ የእኛ ቅኝቶች በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥሙበታል። ማረፊያዎ ዲ ይሁን። ቁጥሮቹ የሚጫኑት ፍሬት ናቸው፤ ባዶ ክር ማለት ሳይጫኑ መምታት ነው። አምባሰል በዲ ጥንድ ባዶ ክር፣ 1፣ 5 ነው፤ በኤ ጥንድም ያው ባዶ ክር፣ 1፣ 5። ባቲ ሜጀር በሁለቱም ላይ ባዶ ክር፣ 4፣ 5። ትዝታ ሜጀር በዲ ላይ ባዶ ክር፣ 2፣ 4፣ በኤ ላይ ባዶ ክር፣ 2፣ 5። አንቺ ሆዬ ብዙ ጊዜ ከአምባሰል ጋር ይምታታል፤ መለያው በዲ ላይ 6ኛው ፍሬት ነው (ባዶ ክር፣ 1፣ 5፣ 6)፣ በኤ ላይ 2 እና 5 ብቻ፣ ባዶው ኤ አይነካም። ማረፊያው ጂ ወይም ኤ ከሆነም ያንኑ አጨዋወት አንድ ጥንድ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ማዛወር ነው።

የውጭ ዜማ በእኛ ቅኝት መጫወት ከፈለጉ፣ ብዙ የአሜሪካ የጥንት የገጠር ዜማዎች በትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች የሚሄዱ ናቸው፤ በእነሱ ይጀምሩ። በዲ 5ኛው ወይም በኤ 4ኛው ፍሬት ከመጣ ዜማው ከትዝታ ወጥቷል፤ በግድ አያስገቡት።

የተመታ የማንዶሊን ክር ድምፁ ቶሎ ይሞታል። መሲንቆ በቀስቱ የሚያስረዝመውን ማንዶሊን የሚያስረዝመው ክሩን ቶሎ ቶሎ በመምታት፣ በትሬሞሎ ነው። ስለዚህ ትሬሞሎው የት ገብቶ የት እንደቆመ ይከታተሉ፤ የተጫዋቹ ስሜት እዚያ ይሰማል።

የእርስዎ ማንዶሊን «ዋ-ዋ-ዋ» ካለ ጥንዶቹ እኩል አልተቃኙም። አንዱን ክር በጣት አፍነው ሌላውን ይቃኙ፤ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ፣ ካለዚያ ክሩ ይላላል። ከባቲ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ከወጡ ከመቃኘትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በትክክል ተቃኝቶም ከአልበሙ ጋር ካልገጠመ ቅጂው ፍጥነቱ ከተዛባ ካሴት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኤውን በመቃኛው ሳይሆን በአልበሙ ድምፅ ያስተካክሉና ሌሎቹን በእሱ ይቃኙ።