«ጤፍ ብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

አሜሪካ በገባን በአራተኛው ወር የትንሹ ልጄ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ሰሞን ያስቀምጠዋል፣ አንድ ሰሞን ይደርቃል። ክብደቱም አልጨምር አለ። «ውሃው አልተስማማውም» ሲሉኝ አመንኩ። የደም ምርመራው ግን ሴሊያክ የሚባል በሽታ መሆኑን ጠቆመ፣ ኢንዶስኮፒው (በጉሮሮ ካሜራ አስገብተው አንጀቱን ሲያዩት) አረጋገጠ። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ የገዛ ሰውነቱ አንጀቱን ያቆስላል። ሕክምናው እነዚህን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙ። ሰው መክሮኝ ከምርመራው በፊት ዳቦ ከለከልኩት። ምርመራው የሚያየው ሰውነት በግሉተን ምክንያት የሚያመርተውን ነገር ስለሆነ፣ ቀድሞ ከቆመ ውጤቱ ያሳስታል። ሐኪሟ እንደገና ዳቦ አስጀመረችን። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ትልቁን ልጅ አታስተርጉሙት፣ እሱም ልጅ ነው።

«እኛማ እንጀራ በላተኞች ነን፣ ምን ቸገረን» ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን ጤፍ እዚህ ውድ ነው፤ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይገባበታል። ባለሱቁን ስጠይቀው «ንጹህ ጤፍ ነው እህቴ» አለኝ። ላስቲኩን ገልብጬ ሳየው መጀመሪያ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው።

ጤፍ ገዝቼ ቤት ጋገርኩ። ልጁ አሁንም አልተሻለውም። ለካ እርሾው ነው! ከጎረቤት ያመጣሁት፣ እሷ ደግሞ ከስንዴ ጋር ነው የምታቦካው። ደፋሁትና በጤፍና በውሃ ብቻ ከዜሮ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሚባል አልነበረውም፣ ግን ተበላ። ምጣዱንም ለየሁለት። ከአገር ቤት የሚላክ ሽሮና የጤፍ ዱቄትም ያሳስበኛል፤ ወፍጮው ከዚያ በፊት ገብስ ፈጭቶ ሊሆን ይችላል።

የታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ በአለርጂ ዝርዝሩ መጻፍ ግዴታ ነው፣ ገብስ ግን አይደለም። «ማልት» ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ነው፣ መልሱት። «ግሉተን ፍሪ» የሚል ግዙ፤ ግሉተኑ ከ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) በታች ማለት ነው። በሶና ቂንጬ ቀርተዋል። የበቆሎ ገንፎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ምስርና እንቁላል አሉለት። መጀመሪያ ሰሞን ወተትም ያስቸግረው ነበር፣ አንጀቱ ሲያገግም ተመለሰለት። ዊክ (መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ) ካላችሁ በዳቦ ፋንታ የበቆሎ ቶርቲላ ወይም ቡናማ ሩዝ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የኛው ሰው ነው። «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል? እኛ በዳቦ አይደል ያደግነው!» ባለፈው ክርስትና ላይ አንዲት እናት ድፎ ቆርሰው በፍቅር እጃቸውን ዘረጉለት። እኔ ከወዲያ ማዶ ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ፣ አልደርስም። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና «እማማ፣ እኔ የራሴ አለኝ» ብሎ ቦርሳውን ከፈተ። ጥቅልል እንጀራውን አወጣና ለእሳቸውም ቆርሶ አጎረሳቸው።