ፒዮኒያችሁ ለምን አላብብ አለ?

ግንቦት በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «የጎረቤቴ ፒዮኒ ተንዠርግጎ አብቧል፤ የእኔ ግን ቅጠል ብቻ ነው። ምን በደልኩት?» ይሉኛል። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ የሠርግ አበባ ዲኮር ነው፤ ግቢዬ ውስጥም ፒዮኒ (peony) የሚባለውን ትልልቅ አበባ የሚሰጥ ተክል አበቅላለሁ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ስለሆነ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጥልቅ አድርጎ መትከል ነው። የፒዮኒን ሥር ብታዩት አናቱ ላይ ቀላ ያሉ ሹል ዓይኖች አሉት። የሚቀጥለው ዓመት ግንድና አበባ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ለማበብ ደግሞ የታኅሣሥና የጥር ብርድ ሊሰማቸው ይገባል። ከአፈሩ ወለል ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረዱ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም።

አንዲት እናት ጠርተውኝ ቤታቸው ሄድኩ። ተክሉ ቁመናው ያማረ ነው፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ እምቡጥ ግን አንድም የለውም። አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግኩ፤ ዓይን የለም። እጄ እስከ አንጓው ገባ፤ አሁንም የለም። «እማማ፣ ለምን እንዲህ ቀበሩት?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ብርዱ እንዳይገድለው ብዬ እኮ ነው! በየዓመቱ ገለባም አለብሰዋለሁ» አሉኝ። ስለሚወዱት ነው፤ ግን አፈኑት። ፒዮኒ ብርድ አይፈራም፣ እንዲያውም ይፈልገዋል። መስከረም ላይ ቆፍረን ከፍ አድርገን ተከልነው፣ ገለባውንም አነሳነው። ወዲያው አላበበም፤ አንድ ዓመት አርፎ ነው ያበበላቸው።

እባካችሁ፣ ስትተክሉ ጉድጓዱን መልሳችሁ ከሞላችሁ በኋላ አፈሩን ጠቅጠቅ አድርጉት። አዲስ የተቆፈረ አፈር ውሃ ሲያገኝ ይሰምጣል፤ ሥሩንም ይዞት ይወርዳል። ትክክል የተከላችሁት ተክል በዓመቱ ጠልቆ የምታገኙት ለዚህ ነው። ጊዜውም መስከረምና ጥቅምት ነው።

ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። ዘንድሮ ተክለው ከርሞ ካላበበ ነቅለው ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ባዘዋወራችሁት ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ወግ ያለው አበባ የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተከለው ሰው በላይ ሊኖር ይችላል። አን አርበር ከተማ ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፒዮኒ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1922 የተጀመረ ነው፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡለትና እዚያው ተዉት።

ጉንዳኖቹን አትግደሉ። እምቡጡ ላይ ያለችውን ጣፋጭ ፈሳሽ ልሰው ይሄዳሉ፤ ተክሉን አይጎዱትም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ሰው አበባው ወለል ብሎ ከፈነዳ በኋላ ይቆርጠዋል፤ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ይረግፍበታል። እምቡጡን በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። እንደ ድንጋይ ከሆነ አልደረሰም፤ ብትቆርጡት አይከፈትም። ቀለሙ ከታየና እንደ ማርሽሜሎ (ለስላሳው ከረሜላ) ከለሰለሰ ጊዜው ያኔ ነው። ጠዋት በጠዋት ቁረጡት። ግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል አስቀሩ፤ ተክሉ የሚቀጥለውን ዓመት ስንቅ የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው። ለሠርግ ወይም ለልደት ማቆየት ከፈለጋችሁ፣ ሳታርሱት በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አጋድሙት፤ ሁለት ሳምንት ይቆይላችኋል። ፖምና ሙዝ ግን አብረው አይቀመጡ፤ ከፍሬዎቹ የሚወጣው ጋዝ አበባውን ያበላሸዋል። ስታወጡት የግንዱን ጫፍ ደግማችሁ ቁረጡና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ድመት ወይም ውሻ ካለ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከበሉት ያስመልሳቸዋል።

ለሙሽሮች የምለው አለኝ። የእኛ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ ደስ የሚለው ፒዮኒም እዚህ የሚፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው። ነሐሴ ላይ ደግሳችሁ ፒዮኒ ካላችሁ ግን ከአላስካ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ብርዱ ስለሚቆይ የሚያብበው ዘግይቶ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ኮራል ቻርም የሚባለውን ዓይነት ከሚዜዎች ቀሚስ ጋር ለማመሳሰል አትሞክሩ። ሲከፈት ደማቅ ኮራል፣ ማለትም ብርቱካናማ ሮዝ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የኮክ ፍሬ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ክሬም ይሆናል። እኔ ይህን መለዋወጡን እወደዋለሁ፣ ቀለም ለማግጠም ግን አይሆንም። ሮዝ ከፈለጋችሁ ሣራ በርናርድት የሚባለውን ዓይነት ያዙ፤ ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣ ነው፣ ዛሬም አያሳፍርም።

«ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ለሚሉኝ፣ ቻይናዎች የአበቦች ንጉሥ ይሉታል፤ የሀብትና የክብር ምልክታቸው ነው። አሜሪካኖች የ12ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል አበባ አድርገውታል። የዘንድሮ ሙሽሮች ለዚያ ቀን የራሳቸው ግቢ አበባ እንዲኖራቸው ከፈለጉ ዘንድሮውኑ ይትከሉት።

ሥሩን ለእናታችሁ አዲስ አበባ ልትልኩ ያሰባችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ፒዮኒ ለሳምንታት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ብርድ ካላገኘ እንቅልፉን አይጨርስም፤ የአዲስ አበባ ቀን ደግሞ ይሞቃል። ለእሳቸው ጽጌረዳ ይሻላቸዋል።

በመጨረሻ፣ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ቁረጡት። የተቆረጠውን ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ውስጥ አትጨምሩት፤ ግራጫ ሻጋታ የሚባለው የተክል በሽታ እዚያ ከርሞ በጸደይ እምቡጡን ያጠቁርባችኋል። ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።